ፍቅፋቂና ኩላንት ለሚበዛበት ማሽን የኬብል ሰንሰለት የመረጥኩበት መንገድ

ሥራው ብረትና ካስት አይረን በሚቆርጥ የሲኤንሲ (በኮምፒውተር የሚመራ) ሚሊንግ ማሽን ላይ የኤክስ አክሲስን፣ ማለትም ጠረጴዛው በአንድ አቅጣጫ የሚመላለስበትን ክፍል፣ የኬብል ሰንሰለት መቀየር ነበር። የኬብል ሰንሰለት ኬብሎችንና ቱቦዎችን በውስጡ ይዞ ከጠረጴዛው ጋር እየታጠፈ የሚሄድ ባለ አንጓ መያዣ ነው። ምልክቱ ጠረጴዛው አንድ ቦታ ላይ ሲደርስ የሚነሳ የኢንኮደር (የሞተሩን ቦታ የሚለካው መሣሪያ) አላርም ነው፤ ትንሽ ፈቅ ሲል ይጠፋል። አላርሙ ሁልጊዜ እዚያው ቦታ ላይ ከተነሳ ድራይቩን (ሞተሩን የሚቆጣጠረውን መሣሪያ) ወይም ሞተሩን ከመጠርጠር በፊት ሰንሰለቱን መክፈት ይሻላል። ውስጡ የተበጠሰ የመዳብ ክር ኬብሉ ቀጥ ሲል ይነካካል፣ ሲታጠፍ ይለያያል።

የድሮው ሰንሰለት ክፍት ዓይነት ነበር። ኬብሎቹን የሚሸፍኑትን አግዳሚዎች ፈትቼ ሳይ ደቃቅ ፍቅፋቂው (ከሚቆረጠው ብረት የሚነሳው ስብርባሪ) በሙሉ በእጥፋቱ የውስጥ ገጽ ላይ ተጠራቅሟል፤ የካስት አይረኑ ብናኝ ከኩላንቱ (ከማቀዝቀዣው ፈሳሽ) ጋር ተቦክቶ ጥቁር ሊጥ ሆኗል። የኬብሎቹ ልባስ እዚያው ላይ ተፍቆ ያብረቀርቃል፣ አንዱ ላይ ሺልዱ (ከልባሱ ሥር ያለው የብረት መከለያ) ወጥቶ ይታያል። እንዲህ ዓይነት ብናኝ እንደ ብርጭቆ ወረቀት ስለሚሠራ ኬብሉን ብቻ ቀይሮ ሰንሰለቱን መተው ትርጉም የለውም።

ስለዚህ ካታሎግ ከመግለጤ በፊት ምን እንደሚወድቅና ከየት እንደሚመጣ አየሁ። የጋለና የሚጠቀለል ፍቅፋቂ አንድ ችግር ነው፣ ደቃቅ ብናኝ ሌላ፣ የሚረጭ ፈሳሽ ሦስተኛ። ተራ የፖሊአማይድ ሰንሰለት 200 ዲግሪ ሴልሺየስን ጥቂት ካለፈ ጀምሮ መቅለጥ ይጀምራል፤ የጋለ የብረት ፍቅፋቂ ከዚህ በላይ ሊግል ስለሚችል ይጣበቅበታል፣ የተጣበቀውም በየእጥፋቱ አንጓውን ይፍቃል። የጋለ ፍቅፋቂን ለአጭር ጊዜ እንዲቋቋሙ ተብለው የተሠሩ ልዩ ፕላስቲኮች አሉ። የብረት ሰንሰለት ሙቀቱን አይፈራም፤ ግን ከባድ ነው፣ ይጮሃል፣ ፒኖቹ ብናኝ ሲገባባቸው ይበላሉ። እኔ የብረቱን የማስበው ብልጭታና ፍቅፋቂ ሳያቋርጥ በቀጥታ ለሚወርድበት ቦታ ብቻ ነው። ለዚህ ማሽን የመረጥኩት ሙቀት የሚችል ፕላስቲክ፣ ክዳኑ የሚከፈት ዝግ ሰንሰለት ነው።

ዝግ ሲባል ውኃ አያስገባም ማለት ግን አይደለም። ኩላንት በአንጓዎቹ መገጣጠሚያ ሰርጎ ይገባል፣ መውጫ ካላገኘም ታች ይተኛል። ቋሚውን (የማይንቀሳቀሰውን) ጫፍ ዝቅ ብሎ ፈሳሹ በሚወርድበት አኳኋን አሰርኩት፤ የማሰሪያውንም ታችኛ ክፍል ክፍት ተውኩት።

ልኬቱ ላይ ብዙ ሰው ይቸኩላል። የእጥፋቱን ራዲየስ የሚወስነው ከሁሉም ግትር የሆነው ኬብል ወይም ቱቦ ነው። በቋሚነት ለሚንቀሳቀስ ኬብል የዲያሜትሩን 10 እጥፍ እይዛለሁ። የሞተሩ ኬብል 14.5 ሚሊ ሜትር ስለሆነ 145 ይወጣል፤ የሚቀጥለው መደበኛ ልክ 150 ነው። 19 ሚሊ ሜትሩ የኩላንት ቱቦ በአምራቹ ሠንጠረዥ 125 ስለሚበቃው አያስቸግርም። ርዝመቱን ሳሰላ፣ ቋሚው ጫፍ በጉዞው መሃል ላይ ነውና፣ የጉዞውን ግማሽ 500፣ ራዲየሱን በ3.14 አባዝቼ 471፣ በላዩም የሁለት አንጓ ትርፍ፦ በ56 ሚሊ ሜትር አንጓ 112። ድምሩ 1083 ሚሊ ሜትር፣ ማለትም 20 አንጓ። ቋሚው ጫፍ ከመሃል ከራቀ የራቀበት ልክ እንዳለ ይደመራል፤ ይህ ሲረሳ ሰንሰለቱ በጉዞው መጨረሻ ላይ ተወጥሮ ማሰሪያውን ይነቅላል።

የውስጥ ክፍተቱን ለኬብል ከዲያሜትሩ 10 በመቶ፣ ለቱቦ 20 በመቶ ትርፍ እተዋለሁ፤ ቱቦ ግፊት ሲገባው ያብጣል፣ ርዝመቱም ይለዋወጣል። ለ19ኙ ቱቦ ቢያንስ 23 ሚሊ ሜትር ያስፈልገዋል ማለት ነው። እያንዳንዱን ቀጥ ብሎ በሚቆም ከፋይ ለየሁት። ከባዶቹን በሁለቱ ዳር፣ ቀላሎቹን መሃል፤ የአንዱ ጎን ክብደት ከሌላው ከበለጠ ሰንሰለቱ ይዘማል። ቀጭን ኬብል በወፍራም ላይ ተደርቦ መሄድ የለበትም፤ ሲታጠፉ እኩል ስለማይንሸራተቱ ቀጭኑ ይቆለፋል።

የልባሱ ነገር ከሰንሰለቱ እኩል ያሳስበኛል። ፒቪሲ በመቁረጫ ዘይት ይደርቅና ይሰነጠቃል። ፖሊዩሬታን ይሻላል፤ ግን ፖሊኤስተር መሠረት ያለውን ውኃ ቀስ በቀስ ስለሚያፈርሰው፣ ኩላንቱ ውኃ አዘል ከሆነ ፖሊኤተር መሠረት ያለውን መጠየቅ ግድ ነው። ሻጩ ይህን ካላወቀ የኬብሉን ዳታ ሺት አስመጥቼ አነባለሁ። መዳቡም ደቃቅ ክር ያለው፣ ክፍል 6 የሚባለው መሆን አለበት።

ኬብሉን ከጥቅሉ ላይ እንደ ቀለበት እያነሱ መሳብ ጠመዝማዛነት ያስገባበታል፤ ከጥቂት ጊዜ በኋላም በሰንሰለቱ ውስጥ እባብ ይሠራል። ጥቅሉን እያሽከረከርኩ ፈታሁት፣ ወለል ላይ ቀጥ አድርጌ አስተኛሁትና ከዚያ አስገባሁት። ኬብሎቹን በሁለቱም ጫፍ፣ እጥፋቱ ከሚያበቃበት ከዲያሜትሩ 10 እጥፍ በላይ ርቄ በክላምፕ (ጨምቆ በሚይዝ ማሰሪያ) ያዝኳቸው። ቱቦዎቹን ግን በተንቀሳቃሹ ጫፍ ብቻ። ሰንሰለቱ ውስጥ ኬብል በፕላስቲክ ማሰሪያ ጠርንፎ አንድ ላይ ማድረግ ፈጽሞ አይገባም።

በመጨረሻ ከላይ 45 ዲግሪ ያዘነበለ የላሜራ ጋሻ ሠራሁለት። ጠፍጣፋ ጋሻ ፍቅፋቂ ይከምራል፣ ክምሩም ተንዶ እጥፋቱ ውስጥ ይገባል። በጋሻውና በሰንሰለቱ መካከል ከ25 ሚሊ ሜትር በላይ ተውኩ።

ከማስነሳቴ በፊት የሞተሩን ኬብል ከድራይቩም ከሞተሩም ነቅዬ በኢንሱሌሽን መለኪያ፣ በ500 ቮልት ዲሲ፣ ወደ መሬት ያለውን ተቃውሞ ለካሁ፤ ከ1 ሜጋ ኦም በታች ከሆነ ማሽኑ አይነሳም። የኢንኮደሩን ኬብል በዚህ መሣሪያ አልነካም። ከዚያ አክሲሱን በዝግታ ከጫፍ ጫፍ አመላለስኩና በክላምፖቹ ጠርዝ ላይ በቀለም ምልክት አደረግሁ። ከመጀመሪያው የሥራ ሳምንት በኋላ ክዳኑ ይከፈታል፦ ምልክቱ ከክላምፑ ከራቀ ኬብሉ እየተሳበ ነው፤ ኬብሎቹ የእጥፋቱን የውስጥ ግድግዳ ከተጫኑ አጥረዋል፣ የውጩን ከተጫኑ ረዝመዋል። ያኔ ክላምፑን አላልቶ መሃል ላይ ማስተካከል የደቂቃዎች ሥራ ነው።