ሐረጎን በከባድ ማርሽ፣ ላሊበላን በሒሳብ

ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ ሐረጎን የሚወርድ ጎበዝ ሹፌር ነዳጅ እየረገጠ ፍሬን አይዝም። አውሮፕላንም ሲወርድ እንዲሁ ነው፤ አብራሪው የሞተሩን ኃይል ዝቅ አድርጎ፣ ሳይቆራረጥ በአንድ ቁልቁለት ቢመጣ ይመረጣል። እንደ ደረጃ እየወረደና እየቆመ ከመጣ፣ ከፍታውን ይዞ በሚሄድበት ቦታ ሁሉ ሞተሩ እንደገና ይጨመርበታል። በተለይ ፍላፑ (ከክንፉ ጀርባ የሚዘረጋው ክፍል) እና ጎማው ከወጡ በኋላ አየሩ ስለሚገታው ነዳጁም ጩኸቱም ይብሳል። በመጨረሻዎቹ ጥቂት ማይሎች ግን ሁለቱም አወራረዶች ያው መስመር ላይ ስለሚሆኑ ለማረፊያው ጎረቤት የጩኸት ልዩነት የለም፤ ከጩኸቱ የሚገላገለው ራቅ ያለው መንደር ነው።

የተለመደው ቁልቁለት 3 ዲግሪ ነው፤ በ1 ኖቲካል ማይል (1.85 ኪሎ ሜትር ገደማ፤ እዚህ ማይል የሚባለው ሁሉ እሱ ነው) 318 ጫማ ያህል። አብራሪ በቃሉ የሚይዘው ለ1000 ጫማ 3 ማይል ብሎ ነው። የኮምቦልቻ ማረፊያ ከባሕር ጠለል በላይ 6000 ጫማ ገደማ ነው። ከ21000 ጫማ የሚመጣ 15000 ጫማ ይወርዳል፤ ስለዚህ 45 ማይል፣ ማለትም 83 ኪሎ ሜትር ያህል ሲቀረው ይጀምራል። ፍጥነት ለመቀነስ ለየ10 ኖቱ (ኖት ማለት በሰዓት 1 ኖቲካል ማይል ነው) 1 ማይል ይጨምራል፤ ነፋስ ከኋላ ከገፋው ደግሞ ከዚያም ይቀድማል።

የደጋ አየር ስስ ነውና እዚህ ላይ ልብ ይሏል። የፍጥነት መሣሪያው 120 ኖት ሲያሳይ፣ ነፋስ ባይኖርም፣ በመሬቱ ላይ የሚሄደው 134 ገደማ ነው። ያንኑ ቁልቁለት ለመጠበቅ በደቂቃ 600 ሳይሆን 670 ጫማ መውረድ ያስፈልገዋል።

ቀድሞ መጀመር ብክነት ነው፤ ታች ወርዶ በሞተር ይሄዳል። ዘግይቶ መጀመር ይብሳል፤ ከፍ ብሎም ፈጥኖም ይደርሳል። በደመና ውስጥ ከማኮብኮቢያው 1000 ጫማ ከፍታ ላይ ሲደርስ ፍጥነቱና ቁልቁለቱ ካልተስተካከለ ማረፉን ትቶ መውጣት አለበት፤ ያ አንድ ዙር ያተረፈውን ነዳጅ ሁሉ ይበላዋል። ተቆጣጣሪ መጨረሻ ሰዓት ላይ የሚሰጠው አቋራጭም ለዚህ ይዳርጋል። ከአቋራጩ ይልቅ ቀሪውን ርቀት ቀደም ብሎ መንገር ይረዳል።

ላሊበላ ሲሆን ሒሳቡ ከተራራው ይጀምራል። አቡነ ዮሴፍ 14000 ጫማ ገደማ ነው። በተራራማ አገር 2000 ጫማ ክፍተት ስለሚጠበቅ በላዩ የሚያልፍ 16000 ላይ ይሆናል። ማረፊያው 6500 ገደማ ነው፤ ቀሪውን 9500 ጫማ ለመውረድ ከ28 ማይል በላይ ያስፈልጋል። ተራራው ግን ለማረፊያው ከዚያ በጣም ይቀርባል። ስለዚህ በጫፉ ላይ መጥቶ በ3 ዲግሪ ማረፍ አይቻልም። ወይ ዝቅ ባለው ወገን ዞሮ መግባት፣ ወይ ማረፊያው አካባቢ እየዞሩ ከፍታ መጨረስ ነው። ነዳጅ የሚቆጥበው የመጀመሪያው ነው፤ እሱም ገና መውረድ ሳይጀመር መወሰን አለበት።