ከ«ማሽን ሄድ» ጋር ጊታር ስለማመድ፦ እስካሁን የደረስኩበት

ሮክ ጊታር ለምትሞክሩ ሁሉ፦ ሰሞኑን የከረምኩት ከእንግሊዙ ሮክ ባንድ ዲፕ ፐርፕል «ማሽን ሄድ» ጋር ነው። በ1972 እ.ኤ.አ. የወጣ ሸክላ ነው። ሰባት ዘፈን አለው፤ አራቱ በአንዱ ገጽ፣ ሦስቱ በሌላው። እኔም እንደ ሰው ሁሉ በ«ስሞክ ኦን ዘ ዋተር» ጀመርኩ።

የዘፈኑ ሪፍ፣ ማለትም እየተደጋገመ የሚመጣው አጭር ሐረግ፣ ቀላል ነው ይባላል። ለግራ እጅ እውነት ነው። ሥራው አራተኛውና ሦስተኛው ክር ላይ ብቻ ነው፦ ክፍት (ክሩ ሳይጫን)፣ ሦስተኛ ፍሬት (በጊታሩ አንገት ላይ ካሉት የብረት መስመሮች ሦስተኛው)፣ አምስተኛ። ከዚያ ክፍት፣ ሦስት፣ ስድስት፣ አምስት። መጨረሻ ላይ ክፍት፣ ሦስት፣ አምስት፣ ሦስት፣ ክፍት። ጉዱ ያለው ቀኝ እጅ ላይ ነው። የባንዱ ጊታሪስት ሪቺ ብላክሞር ሪፉን በፒክ (በክር መምቻዋ ቁራጭ) አይመታም፤ ሁለቱን ክሮች በጣቶቹ እኩል ይስባቸዋል። በፒክ ሲመታ አንዱ ክር ከሌላው በጥቂቱ ይቀድማል። በአውራ ጣትና በሌባ ጣት ሲሳብ ግን ሁለቱም አንድ ላይ ዱብ ይላሉ። ሞክሩት፣ ወዲያው ይሰማችኋል።

ደግሞ ያ ውፍረት ከጊታር ብቻ የመጣ እንዳይመስላችሁ። የባንዱ ኦርጋን ተጫዋች ጆን ሎርድ ያንኑ ሪፍ በሃሞንድ ኦርጋን ይደግመዋል፤ ኦርጋኑን የሚያስጮኸው ደግሞ በማርሻል የጊታር አምፕሊፋየር ነው። ቤት ለብቻችሁ ስትጫወቱ ድምፁ ቢሳሳባችሁ ዲስቶርሽን (ድምፁን የሚያሻክረውን ኢፌክት) አትከምሩበት። የጎደለው ኦርጋኑ ነው።

አለማመዴን የቀየረው ግን የአቀራረጹ ታሪክ ነው። ባንዱ ስዊዘርላንድ፣ ሞንትሮ የሄደው ካዚኖው ውስጥ ሊቀርጽ ነበር። ዲሴምበር 4 ቀን 1971 በፍራንክ ዛፓ ኮንሰርት ላይ አንድ ሰው የእሳት ርችት ተኩሶ ካዚኖው ተቃጠለ። ጭሱ በጄኔቫ ሐይቅ ላይ ተንሳፈፈ፤ የዘፈኑም ርዕስ ከዚያ መጣ። ወደ ሌላ አዳራሽ ዞረው የዚህኑ ዘፈን ሙዚቃ ሲቀርጹ ጎረቤት በጩኸቱ ተማሮ ፖሊስ መጣ። ሠራተኞቹ በሩን ገፍተው ይዘው ነው ቀረጻው ያለቀው!

በመጨረሻ ለክረምት የተዘጋ ግራንድ ሆቴል አገኙ። ኮሪደሩን በፍራሽ አፍነው መሣሪያቸውን እዚያው ተከሉ። መቅረጫው ግን ውጭ በቆመ መኪና ውስጥ ነበር፤ የሮሊንግ ስቶንስ ተንቀሳቃሽ ስቱዲዮ። የቀረጹትን ለመስማት ክፍሎችና በረንዳዎች አቋርጦ በብርድ መውጣት ያስፈልጋል። ሲሰለቻቸው መስማቱን ተዉት። ጥሩ ወጣ ብለው እስኪያምኑ መጫወት ብቻ ሆነ።

እኔም ይህንኑ ቀዳሁ። ድሮ እያንዳንዷን ሐረግ በስልክ እየቀዳሁ አዳምጥ ነበር። አሁን ስልኩን ሌላ ክፍል አስቀምጬ ዘፈኑን ከነስህተቱ እስከ መጨረሻው እሄዳለሁ። የማዳምጠው ቅዳሜ ብቻ ነው። ምቴ በጣም ተረጋግቷል፤ መሃል ላይ መቆም የሚባለው አመል ለቆኛል።

የዚሁ ሸክላ «ሃይዌይ ስታር» ሌላ ዓለም ነው። ብላክሞር ሶሎውን (ጊታሩ ብቻውን ጎልቶ የሚወጣበትን ክፍል) የክላሲካል አቀናባሪውን የባክን በሚመስል የኮርድ አካሄድ ላይ አስቀድሞ አዘጋጅቶት ነው የገባው። እዚህ ፒክ የግድ ነው፣ ወደ ታች ወደ ላይ ሳያቋርጡ። ፍጥነቱን በግማሽ አውርጄ ዜማውን ይዣለሁ፤ በሙሉ ፍጥነት ግን ጣቶቼ ገና አልደረሱበትም። «ሜይቢ አይም ኤ ሊዮ» ቀርፋፋ ስለሆነ ለእረፍት ጥሩ ነው። «ፒክቸርስ ኦፍ ሆም» ውስጥ የሮጀር ግሎቨርን የቤዝ ሶሎ እንዳታልፉት፤ አጭር ናት ግን ታምራለች።

ቀጣዩ ሥራዬ የ«ሃይዌይ ስታር» ሶሎ በሁለት ድምፅ የሚሄድበት ክፍል ነው። ብላክሞር ሁለቱንም ራሱ ደራርቦ ቀርጾታል። እኔ ግን ሰው እፈልጋለሁ። የታችኛውን ድምፅ የሚይዝልኝ ካለ፣ ቀስ ብለን በሜትሮኖም (በምት ቆጣሪ) እንጀምር።