ስለ ፍሬን ሸራ ማስጠንቀቂያ እስካሁን የገባኝ

የራሴን መኪና በራሴ እጅ መፈተሽ መማር ከጀመርኩ ወዲህ እንደ ፍሬን ቀልቤን የያዘው ክፍል የለም። ሞተር ቢበላሽ መኪናው መንገድ ዳር ይቆማል፤ ፍሬን ሲበላሽ ግን ችግሩ አለመቆሙ ነው። ባሕር ዳር ደግሞ ሜዳ ከተማ ናት። ዘንባባ በተተከለባቸው ሰፋፊ መንገዶቿ ላይ ፍሬን ብዙ ሳይጨነቅ ይውላል፤ ድካሙም ሳይታወቅ ይቆያል። የሚፈተነው ወደ ጎንደር ወይም ወደ አዲስ አበባ የወጣን ዕለት ነው። ስለዚህ ማስጠንቀቂያውን ከጉዞ በፊት ማንበብ መቻል አለብን ብዬ አምናለሁ። እንደኔ በመማር ላይ ላላችሁ እስካሁን የገባኝን ላካፍል።

ከመብራቶቹ ልጀምር፤ ብዙ ሰው የሚያምታታቸው ሁለት ናቸው። አንደኛው ቀይ ነው፤ ክብ ውስጥ ቃለ አጋኖ ያለበት፣ ግራና ቀኙ በቅስት የታቀፈ። ሁለተኛው ቢጫ ነው፤ ክቡ ያው ነው፣ መሃሉ ግን ባዶ ሆኖ ግራና ቀኙ ያሉት ቅስቶች የተቆራረጡ ናቸው። የሸራን፣ ማለትም ፍሬን ስንይዝ ዲስኩን ጨምቆ የሚያቆመውንና እየተበላ የሚያልቀውን ክፍል፣ ማለቅ ለይቶ የሚናገረው ይህ ቢጫው ነው። ኤቢኤስ የሚል ጽሑፍ ያለበት ቢጫ መብራት ከዚህ ጋር ግንኙነት የለውም፤ እሱ ጎማ በድንገተኛ ፍሬን እንዳይቆለፍ የሚያደርገው ሥርዓት መታወኩን ነው የሚያመለክተው።

እዚህ ላይ ብዙዎቻችንን የሚመለከት ነገር አለ። እኔ የምነዳው ቪትዝ ነው፤ በከተማችን የሚበዙት ቪትዝና የቆዩ ኮሮላዎች በአብዛኛው ቢጫው መብራት ጨርሶ የላቸውም። የሌለ መብራት አይበራም። «ዳሽቦርዴ ንጹሕ ነው፣ ሸራዬም ደህና ነው» የሚለው ሐሳብ በእነዚህ መኪኖች ላይ አይሠራም።

ቀዩ መብራትስ? እሱ በዋናነት የሚያውቀው ሁለት ነገር ነው፦ የእጅ ፍሬን መያዙንና የፍሬን ዘይት በማጠራቀሚያው ውስጥ መጉደሉን። ሸራን በቀጥታ አያይም። ነገር ግን በተዘዋዋሪ ስለ ሸራ ይናገራል፤ ከተማርኩት ሁሉ ይበልጥ ያስደነቀኝም ይህ ነው። ሸራው እየሳሳ ሲሄድ ዲስኩን (ከጎማው ጋር የሚዞረውን ክብ ብረት) ለመያዝ የካሊፐሩ (ሸራዎቹን ዲስኩ ላይ የሚጫነው ክፍል) ፒስተን ከቤቱ ትንሽ ትንሽ እየወጣ ይቀራል። ፒስተኑ በለቀቀው ቦታ የፍሬን ዘይት ይገባል። ያ ዘይት የሚመጣው ከላይ፣ ኮፈኑን ስንከፍት ከምናየው ነጭ ማጠራቀሚያ ነው። አንዲት ጠብታ ሳትፈስ ዘይቱ ይጎድላል ማለት ነው። ውስጡ ያለው ተንሳፋፊ ከተወሰነ ልክ ሲወርድ ቀዩ መብራት ይበራል።

ይህ የገባኝ በጎረቤቴ መኪና ነው። አደባባይ ሲዞር ወይም ቁልቁለት ላይ ፍሬን ሲይዝ ቀዩ መብራት ብልጭ ይልና ይጠፋል። ዘይቱ ከልኩ አፋፍ ላይ ስለሆነ መኪናው ሲያዘነብል ወደ አንድ ጎን ይሸሻል፤ ተንሳፋፊውም ይወርዳል። ጎረቤቴ ዘይት እንዲጨምር ተመክሮ ጨመረ፤ መብራቱ ጠፋ፤ ጉዳዩም ያለቀ መሰለው። ቅዳሜ ዕለት በጎንደር መውጫ በኩል ወዳለ ጋራዥ ይዘነው ስንሄድ አዛውንቱ መካኒክ መጀመሪያ ያሉት «ልጄ፣ ዘይቱ የት ሄደ ብለህ ሳትጠይቅ አትሙላ» ነበር። ጎማው ሲወልቅ የፊት ሸራው ከብረቱ ሊስተካከል ምንም አልቀረውም። የተጨመረው ዘይት ሸራውን አላዳነውም፤ ስለ ሸራው የሚናገረውን ብቸኛ መብራት ነው ያጠፋው።

መዘዙም በዚህ አላበቃም። አዲስ ሸራ ለማስገባት ፒስተኑ ወደ ቤቱ ሲገፋ ዘይቱ ተመልሶ ወደ ላይ ይወጣል፤ ማጠራቀሚያው ቀድሞ ከተሞላ ሞልቶ ይፈሳል። የፍሬን ዘይት ደግሞ የመኪና ቀለም ይልጣል። መካኒኩ ይህን ስለሚያውቁ ከመግፋታቸው በፊት በመርፌ ቀዱት። በእርግጥ ዘይቱ የጎደለው በመፍሰስ ሊሆንም ይችላል፤ የጎማዎቹ የውስጥ ጎን ከራሰ፣ ወይም ፔዳሉ ከወትሮው ዝቅ ካለ ወይም ከለሰለሰ መኪናውን ባለበት ማቆም እንጂ መንዳት የለብንም።

ቢጫ መብራት ለሌላቸው መኪኖች ፋብሪካው የሰጣቸው ማስጠንቀቂያ ድምፅ ነው። ብዙ ጊዜ በውስጠኛው ሸራ ላይ ትንሽ የታጠፈች ብረት አለች። ሸራው ወደ 2 ወይም 3 ሚሊ ሜትር ሲወርድ ዲስኩን ትነካና ቀጭን የፉጨት ድምፅ ታወጣለች። ፍሬን ሳንይዝ ስንነዳ ይሰማል፤ ስንይዝ አንዳንዴ ይጠፋል። ድምፁ ወደ ወፍራም የብረት ፍጭት ከተለወጠ ሸራው አልቋል፤ የሚፋጨው ብረት ከብረት ነው፤ ዲስኩም አብሮ እየተበላ ነው።

ለሐይቅ ዳር ነዋሪዎች አንድ ነገር ልጨምር። በክረምት ጣና ዳር ያደረ መኪና ጠዋት ሲነሳ ይፋጫል። ይህ ሸራ አይደለም። ዲስኩ ብረት ነው፤ በእርጥበት ሌሊቱን ስስ ዝገት ይይዛል። ለጥቂት ጊዜ ፍሬን ከተያዘ ዝገቱ ተጠርጎ ዲስኩ ያበራል፤ ድምፁም ይጠፋል። ቀኑን ሙሉ አብሮን የሚዞር ድምፅ ግን ዝገት አይደለም።

ከሁሉ የሚታመነው በዓይን ማየት ነው። አዲስ ሸራ፣ የጀርባ ብረቱን ሳይጨምር፣ በአብዛኛው ከ10 እስከ 12 ሚሊ ሜትር ይወፍራል፤ 3 ሚሊ ሜትር ሲደርስ መቀየር ይመከራል። በቸርኬው ቀዳዳ በእጅ ባትሪ ሲታይ ግን የሚታየው የውጪው ሸራ ብቻ ነው። ካሊፐሩ የሚንሸራተትባቸው ፒኖች ከደረቁ ውስጠኛው ሸራ ብቻውን ይበላል። በእኔ መኪና የግራው የፊት ጎማ እንደዚህ ነበር፤ ከውጪ ገና ብዙ ዕድሜ ያለው ይመስላል፣ ውስጠኛው ግን በግማሽ ሳስቷል። ፒኖቹ ወጥተው ተጠርገው ለፍሬን የተሠራ ግሪስ ተቀቡ። ስለዚህ ዳዶውን ፈትቶ ጎማ ማውለቅ አይቀርም፤ መኪናው በክሪክ ብቻ ሳይሆን በጠንካራ ድጋፍ ይቁም፤ ሸራም ሲቀየር የግራና የቀኙ አብሮ ይቀየር።

ቢጫው መብራት ያላችሁ ደግሞ ሴንሰሩን እወቁት። በሸራው ውስጥ የተቀበረ ሽቦ ነው፤ ሸራው ሲሳሳ ዲስኩ ሽቦውን ይደርስበታል፤ በአንዳንድ መኪኖች ይቆርጠዋል፣ በሌሎች ነክቶት ዑደቱን ይዘጋል፤ መብራቱም ይበራል። የተቆረጠ ሴንሰር ካልተቀየረ አዲስ ሸራ ገብቶም መብራቱ አይጠፋም። አንዳንድ ቦታ ሁለቱን የሽቦ ጫፎች አቆላልፎ መብራቱን ማጥፋት ይለመዳል። ይህን አጥብቄ እቃወማለሁ፤ መኪናውን ነገ የሚገዛው ሰው ንጹሕ ዳሽቦርድ አይቶ ይታለላል።

የትኛውም መብራት የማይነግረን ነገርም አለ፤ እሱም የዘይቱ እርጅና ነው። የፍሬን ዘይት ከአየር እርጥበት ይስባል። ዶት 3 የሚባለው አዲስ ሳለ ቢያንስ እስከ 205 ዲግሪ ሴልሺየስ ሳይፈላ ይቆያል፤ እርጥበት ሲገባበት ግን ይህ ዝቅተኛ የመፍያ ልክ ወደ 140 ይወርዳል። ከደጀን ወደ ዓባይ በረሃ ስንወርድ ከ1,000 ሜትር በላይ ቁልቁለት ነው። እዚያ ማርሽ ሳይቀንስ ፍሬን ረግጦ የሚወርድ ሰው ዘይቱን ሊያፈላው ይችላል፤ እንፋሎት ደግሞ ስለሚታመቅ ፔዳሉ እስከ ወለሉ ይሰምጣል። ብዙ አምራቾች በየሁለት ዓመቱ ይቀየር የሚሉት ለዚህ ነው።

አሁን ወደ ኋላ ጎማዎች እየተሻገርኩ ነው። የእኔ መኪና ከኋላ ታምቡር ነው፤ በዲስክ ፈንታ ሸራው ከውስጥ ሆኖ የሚጫነው ከበሮ መሰል ብረት ማለት ነው፤ ሸራው ተሸፍኖ ስለሚቀመጥ በቸርኬ ቀዳዳ አይታይም፤ የምታፏጭ ብረትም የለችውም። እስካሁን ያገኘሁት ምልክት የእጅ ፍሬኑ ነው፤ ለመያዝ ከወትሮው ከፍ ብሎ መሳብ ከጀመረ ወይ ኬብሉ ላልቷል ወይ ሸራው ሳስቷል። የትኛው እንደሆነ ለማወቅ ታምቡሩን ማውለቅ ያስፈልጋል፤ የሚመጣው ቅዳሜ ከመካኒኩ ጋር የምንሠራው እሱን ነው።