ባለ አንድ እጁ ሻለቃ እና ግራንድ ካንየን

ከላስ ቬጋስ እስከ ግራንድ ካንየን ደቡባዊ ጠርዝ 450 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ከእህቴ ልጅ ጋር ሌሊት 10 ሰዓት ላይ ተነሳን፤ መኪናውን የነዳው እሱ ነው። ኪንግማንን አልፈን ዊሊያምስ ላይ ቡና ጠጣን። ከዚያ ወዲያ መንገዱ ሜዳና ጥድ ነው፤ ገደሉ ሳይታሰብ ከእግር ስር ይከፈታል። የአባይን በረሃ የሚያውቅ ሰው ማወዳደሩ አይቀርም። ከጎሃ ጽዮን ወደ ደጀን ስትሄድ መንገዱ ከነመኪናህ አውርዶ በድልድይ ያሻግርሃል። እዚህ እኛ በቆምንበት በኩል ግን ወደ ኮሎራዶ ወንዝ የሚያወርድህ እግርህ ወይም በቅሎ ነው።

ሰው ሁሉ ለገደሉ ይመጣል፤ እኔን ያመጣኝ ጆን ዌስሊ ፓወል ነው። አገር ቤት ጂኦግራፊ አስተምር ስለነበር፣ ካርታ ላይ ባዶ የነበረን ቦታ በጀልባ ገብቶ የሞላ አስተማሪ አለ ሲባል ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም።

ፓወል የተወለደው እ.ኤ.አ. በ1834 ነው (ቀኑንም ዓመቱንም ሁሉ በፈረንጆቹ ነው የምጽፈው)። አባቱ ባርነትን የሚቃወም ሰባኪ ስለነበር፣ ኦሃዮ ውስጥ ትምህርት ቤት ሲሄድ ልጆች በድንጋይ ይወግሩት ነበር። ከትምህርት ቤት ሲያስቀሩት ጆርጅ ክሩካም የሚባል ገበሬ ተቀበለው። ክሩካም ራሱን በራሱ ያስተማረ የተፈጥሮ አጥኚ ነበር፤ ልጁን ሜዳ ለሜዳ ይዞት እየዞረ ዕፅዋትና ድንጋይ አሳየው። ፓወል ከዚያ በኋላ የገጠር አስተማሪ ሆነ፤ በእረፍቱ ብቻውን ጀልባ እየቀዘፈ በሚሲሲፒ ወርዶ ዛጎል ለቀመ። ኮሌጅ ሦስት ቦታ ገብቷል፤ ዲግሪ ግን አልያዘም።

በ1861 የእርስ በርስ ጦርነቱ ሲነሳ ከሰሜኑ ወገን ዘመተ። በዓመቱ፣ ሚያዝያ 1862፣ ሻይሎ ላይ መድፈኞቹን «ተኩሱ» ለማለት ቀኝ እጁን ሲያነሳ ጥይት አንጓውን መታው። ክንዱ ከክርኑ በታች ተቆረጠ። ሌላ ሰው ቢሆን ጡረታውን ይዞ ቤቱ ይገባል፤ እሱ ተመልሶ ተዋጋ። ቪክስበርግ ከተማ ስትከበብ ደግሞ ምሽግ ሲቆፈር የሚወጣውን ቅሪተ አካል ይሰበስብ ነበር። በሻለቃነት ተሰናብቶ ኢሊኖይ ውስጥ የጂኦሎጂ መምህር ሲሆንም ክፍል ውስጥ አልተቀመጠም፤ በ1867 ተማሪዎቹን ይዞ ኮሎራዶ ተራሮች ላይ ወጣ። ሚስቱ ኤማም አብራ ፓይክስ ፒክን ወጥታለች።

ጠርዙን ተከትሎ «የጊዜ መንገድ» የሚሉት የእግር መንገድ አለ። አንድ ሜትር ስትራመድ አንድ ሚሊዮን ዓመት ሄድክ ማለት ነው። ከመንገዱ ዳር ከገደሉ የመጡ ድንጋዮች ተደርድረዋል፤ መዳሰስ ይቻላል። ከሥር ከወንዙ አጠገብ ከመጡት ጥቁሮቹ አንዱን ነካሁት፤ ጥርት ብሎ የተወለወለ፣ በጠዋቱ ብርድ የቀዘቀዘ። ዕድሜው 1.7 ቢሊዮን ዓመት ገደማ ነው። ይህን መንገድ ያሰበው ሰው ጥሩ አስተማሪ ነው። የእህቴ ልጅ እስኪደክመው ሚሊዮን ቆጠረ።

ከመንደሩ በቀይ መስመር አውቶቡስ ፓወል ፖይንት ወረድን። እዚያ ከድንጋይ የተሠራ፣ ደረጃ ያለው ሐውልት ቆሟል። ደረጃውን ወጥተህ የነሐሱን ሰሌዳ ስታይ የፓወልን ፊት፣ ከሥሩም በወንዙ ላይ ባደረጋቸው ሁለት ጉዞዎች የተካፈሉትን ሰዎች ስም ታገኛለህ። ልጁ ጣቱን እያስኬደ የመጀመሪያውን ጉዞ ቆጠረና ዞር አለ።

«ጋሼ፣ አስር ነበሩ አላልከኝም? እነዚህ ከነአለቃቸው ስድስት ናቸው።»

አስር ነበሩ። ግንቦት 24 ቀን 1869 ከዋዮሚንግ በአራት ጀልባ ተነሱ። ሁለት ሳምንት አለፍ ሲል አንዱ ጀልባ ከነስንቁ ተሰባበረ። ከዚያ ወረድ ብሎ ፓወል ገደል ሲወጣ መሃል ላይ ቀረ፤ በአንድ እጁ ድንጋይ ይዟል፣ ወደ ላይም ወደ ታችም መሄድ የለም። ከላይ የነበረው የጉዞ ጓዱ ብራድሌይ የሚያወርድለት ገመድ ስላልነበረው የውስጥ ሱሪውን አውልቆ ቁልቁል ዘረጋለት። ፓወል የያዘውን ድንጋይ ለቅቆ ነው ሱሪውን የጨበጠው፤ ሌላ እጅ የለውማ! የእህቴ ልጅ ይህን ስነግረው ብዙ ሳቀ።

አንደኛው ሰው በሐምሌ በቃኝ ብሎ ተሰናበተ። የቀሩት ግራንድ ካንየን ሲገቡ ዱቄቱ ሻግቶ ነበር፤ ቡና ግን አልጠፋም (ይህን ሳነብ ትንሽ ቀለል አለኝ)። ነሐሴ 28 ቀን አስፈሪ የውሃ መውረጃ ሲገጥማቸው ሁለቱ ወንድማማቾች ሃውላንዶችና ዊሊያም ደን በዚህ አንሄድም ብለው ገደሉን ወጥተው ሄዱ። ከዚያ ወዲያ በሕይወት ያያቸው የለም፤ ማን እንደገደላቸውም እስካሁን ያከራክራል። የቀሩት ስድስቱ በማግስቱ ከገደሉ ወጡ።

ሰሌዳው ላይ የሦስቱ ስም የለም፤ እንደ ከዳተኛ ተቆጥረው ተዘለሉ። እኔ ይህን አልወደድኩትም። ሦስት ወር ሙሉ ቀዝፈዋል፣ ተርበዋል፤ ኦራሜል ሃውላንድ ደግሞ የጉዞው ካርታ ሠሪ ነበር። በአንድ ቀን ውሳኔ ያ ሁሉ ይፋቃል?

ስንመለስ ሁቨር ግድብ ላይ ቆምን። ስድስቱ በመጨረሻ የደረሱበት የቨርጂን ወንዝ መገናኛ ዛሬ ከግድቡ ኋላ በተኛው በሚድ ሐይቅ ሥር ነው። ሐይቁ ጎድሎ በድንጋዩ ላይ ነጭ ቀለበት ትቷል፤ ላስ ቬጋስ ከምትጠጣው ውሃ 90 በመቶ ያህሉ ከዚህ ነው። ፓወል በ1893 ሎስ አንጀለስ በተደረገ የመስኖ ጉባኤ ላይ ለዚህ ሁሉ መሬት የሚበቃ ውሃ የለም ብሎ ተናግሮ ነበር፤ ያኔ የአገሪቱ የጂኦሎጂ ጥናት መሥሪያ ቤት ኃላፊ ነው። አዳራሹ በጩኸት አቋረጠው። በዓመቱ ከኃላፊነቱ ለቀቀ።

መሄድ የምታስቡ፣ ከመጋቢት እስከ ኅዳር ፓወል ፖይንት በግል መኪና አይገባም፤ አውቶቡሱ ነፃ ነው፣ ማልዳችሁ ያዙት። የዋሽንግተን አካባቢ ሰዎች ደግሞ ለሻለቃው ይህን ሁሉ መንገድ መምጣት የለባችሁም፤ በ1902 ሞቶ የተቀበረው እዚያው አጠገባችሁ አርሊንግተን ነው።