ታቦት በሠረገላ ላይ፤ ከሻርትር ካቴድራል ሰሜን በር

ከፓሪስ ሞንፓርናስ ጣቢያ የሚነሳው ባቡር ሻርትር ለመድረስ አንድ ሰዓት ከሩብ ገደማ ይፈጅበታል። መንገዱ የቦስ ሜዳ ነው፤ ስንዴ፣ አሁንም ስንዴ፣ ከዚያ ሁለት የማይመሳሰሉ ሾጣጣ ማማዎች ከእህሉ በላይ ብቅ ይላሉ። ከጣቢያው እስከ ካቴድራሉ በእግር አሥር ደቂቃ ቢሆን ነው። ለመግባት አይከፈልም፤ ማማው ላይ ለመውጣትና ምድር ቤቱን ለማየት ግን ትኬት መቁረጥ ያስፈልጋል።

ጎብኚው ሁሉ በምዕራቡ በር ይጎርፋል። በሩ ላይ ሁለት የመዳብ ዘንግ የያዘ ሰው ቆሞ፣ በ20 ዩሮ «የምድሩን ኃይል» አሳያችኋለሁ እያለ ሰዉን ያስቆማል፤ የሚከፍለውም ብዙ ነው። ይህ አበሳጨኝ፤ በተመሳሳይ ገንዘብ ጥሩ የሩቅ ማያ መነጽር ተከራይቶ መስታወቶቹን ማየት ይቻላልና። አልፌው በግራ በኩል ዞርኩና ወደ ሰሜኑ በረንዳ ሄድኩ። እኛን ኢትዮጵያውያንን የሚመለከተው ያለው እዚያ ነው። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ነገሩ እንዲህ ነው። ሉዊ ሻርፓንትዬ የተባለ ፈረንሳዊ ጸሐፊ በ1966 ባሳተመው መጽሐፍ፣ የቴምፕላር ባላባቶች (በመስቀል ጦርነት ዘመን የተነሡ ተዋጊ መነኮሳት) ከኢየሩሳሌም ቤተ መቅደስ ሥር ታቦቱንና የሰሎሞንን የሥነ ሕንፃ ጥበብ አውጥተው ወደ ፈረንሳይ አመጡ፣ ሻርትርም በዚያ ዕውቀት ተሠራ አለ። እንግሊዛዊው ጋዜጠኛ ግርሃም ሃንኮክ ደግሞ በ1992 ባወጣው መጽሐፍ አቅጣጫውን ገለበጠው፤ ታቦቱ ኢትዮጵያ ነው፣ ቴምፕላሮቹም ይህን ደርሰውበት እስከ ላሊበላ ተጉዘዋል፣ ምስጢሩንም በዚህ በረንዳ ላይ ቀርጸው አስቀምጠዋል የሚል ነው። ሁለቱም ጣታቸውን የሚጠቁሙት አንድ ቅርጽ ላይ ነው።

ቅርጹን ማግኘት ይከብዳል። በስተቀኝ ባለው ቅስት አጠገብ፣ በቀጫጭን ዓምዶች ላይ ያለ ትንሽ ሥራ ነው፤ ትልልቆቹን ሐውልቶች የሚያይ ሰው አያስተውለውም። ሰሜኑ ወገን አብዛኛውን ቀን ጥላ ስለሆነ ድንጋዩ ጠፍጣፋ ይመስላል። ፊት ለፊት ቢያበሩበትም ምንም አይለይም፤ መብራቱ ከጎን፣ ከድንጋዩ ጋር ተጠግቶ መምጣት አለበት። አንዲት ጎብኚ የሚያስተናግዱ ፈረንሳዊት እናት ሳልጠይቃቸው የእጅ ባትሪያቸውን አውጥተው እንዲህ አድርገው ያዙልኝ። ያኔ ጥላው ወጣ፦ ሳጥን፣ ከሥሩ መንኮራኩር፣ የሚጎተት ጋሪ። ከእሱ አጠገብ ደግሞ የወደቁ ሰዎች ክምር፣ ከመካከላቸውም የብረት ሰንሰለት ጥሩር የለበሰ አለ።

ታቦት በመንኮራኩር! እኛ ዘንድ ታቦት በካህን ራስ ላይ ነው የሚወጣው፤ በጥምቀት ሠረገላ የጫነው ታቦት ያየ የለም። ሃንኮክም ሆነ ሻርፓንትዬ ጋሪውን የረጅም ጉዞ ምልክት አድርገው አነበቡት። ነገር ግን ኅዳር ጽዮንን ያከበረ ምእመን ሁሉ ታሪኩን ያውቀዋል። መጽሐፈ ሳሙኤል ቀዳማዊ ምዕራፍ 6 ነው፦ ፍልስጥኤማውያን ጣዖታቸው ዳጎን በታቦቱ ፊት ከወደቀና መቅሠፍቱ ከበረታባቸው በኋላ፣ ታቦቱን በአዲስ ሠረገላ ላይ ጭነው፣ ቀንበር ያልነካቸው ሁለት ላሞች ጠምደው ወደ ቤትሳሚስ ሰደዱት። ሬሳውም በምዕራፍ 4 አለ፤ እስራኤል ተሸንፋ ሠላሳ ሺህ እግረኛ የወደቀበትና ታቦቱ የተማረከበት ቀን ነው። ከሥሩ ያለው የላቲን ጽሑፍ ፊደሉ ያረጀና ስህተት ያለበት ስለሆነ ሃንኮክ «ታቦቱ እዚህ ተሰውሯል» ወደሚል ወሰደው፤ «እዚህ ታቦተ ኪዳኑ ይጠፋል» ብሎ ማንበብ ግን ከሥዕሉ ጋር ሳይጎተት ይገጥማል። ጥሩሩም ቢሆን ቴምፕላር አያደርገውም። የ13ኛው መቶ ዓመት ቀራጭ የመጽሐፍ ቅዱስ ወታደርን የሚያለብሰው በዘመኑ ያየውን ልብስ ነው፤ የእኛ ሠዓሊዎችም የፈርዖንን ጭፍራ ጠመንጃ ሲያሸክሙት አይተናል።

በዚያው ቅስት ሰሎሞንና ንግሥተ ሳባ ቆመዋል። ከእግሯ ሥር አፍሪካዊ አገልጋይ ጎንበስ ብሏል። ፊቱን ሳይ ደስ አለኝ፤ በዚያን ዘመን እዚህ ስንዴ መሐል የተቀመጠ ሰው ንግሥቲቱ ከየት ወገን እንደሆነች አስቧል ማለት ነው። ግን ከዚህ በላይ መሄድ አይቻልም። በረንዳው የተቀረጸው በ13ኛው መቶ ዓመት የመጀመሪያ አሥርታት ነው፤ ንቡረ እድ ይስሐቅና ባልንጀሮቹ ክብረ ነገሥትን በግእዝ ያዘጋጁት ደግሞ በ14ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ነው። የቀራጮቹ ምንጭ መጽሐፈ ነገሥት ቀዳማዊ ምዕራፍ 10ና የወንጌሉ «ንግሥተ አዜብ» ናቸው፤ ምኒልክም የለ፣ የታቦት ጉዞም የለ። ታቦቱ በኢትዮጵያ እንዳለ ለመመስከር ቴምፕላር አያስፈልግም፤ በ1200 ገደማ በግብፅ የተጻፈው፣ በአቡ አል መካሪም ስም የሚታወቀው መጽሐፍ በግልጽ ይናገረዋል።

ከሁሉ በላይ የሚያሳዝነኝ የላሊበላው ክፍል ነው። ሃንኮክ በቤተ ማርያም ጣሪያ ላይ ያለውን ጫፉ ሰፋ ያለ መስቀል የቴምፕላሮች ማኅተም አደረገው። እንዲህ ያለ መስቀል በባይዛንታይንና በቅብጥ ጥበብ ቴምፕላሮች ከመነሳታቸው ከመቶዎች ዓመታት በፊት የነበረ ነው፤ የአክሱም ነገሥታትም ከዒዛና ጀምሮ መስቀል በሳንቲማቸው ላይ ቀርጸዋል። ይህን ትቶ ለቋጥኙ ፈልፋዮች ከአውሮፓ አስተማሪ መፈለግ ግፍ ነው።

በሻርትር ሠራተኞችም ላይ የተሠራው ግፍ ያው ነው። የሻርፓንትዬ ዋና ነጥብ ጎቲክ፣ ማለትም ሻርትር የተሠራበት ባለ ሾጣጣ ቅስት የሕንፃ አሠራር፣ በድንገት፣ ያለ እናት ተወለደ የሚል ነው። ይሁን እንጂ እንግሊዝ አገር የሚገኘው የደርሃም ካቴድራል እንደ ጎቲክ ሕንፃዎች የጎድን አጥንት የመሰለ ባለ ቅስት ጣሪያ አለው፤ ሥራው የተጀመረው በ1093 ነው። የመስቀል ጦረኞች ኢየሩሳሌምን የያዙት በ1099፣ ቴምፕላሮች የተደራጁት በ1119 ገደማ። ሾጣጣው ቅስትም በ1088 በተጀመረው በክሉኒ ገዳም ቤተ ክርስቲያን አለ። ጥበቡ ደረጃ በደረጃ መጣ፤ ሻርትርም በሰኔ 1194 ከተቃጠለ በኋላ ያንን ይዞ እንደገና ተነሳ።

ወደ ውስጥ ስገባ ሻርፓንትዬ መጽሐፉን የከፈተበትን ድንጋይ ፈለግሁ። ከደቡቡ ክንፍ በምዕራብ በኩል፣ ከሌላው ንጣፍ አሰላለፍ ወጣ ብሎ የተቀመጠ ነጣ ያለ ድንጋይ ሲሆን የብረት ችንካር አለበት። በሰኔ 21 እኩለ ቀን ላይ ከቅዱስ አፖሊኔር መስኮት የሚገባ ጨረር ያርፍበታል። ለማየት የሚሄድ ሰው ሁለት ነገር ይወቅ። አንደኛ፣ የፀሐይ እኩለ ቀን በሻርትር የበጋ ሰዓት አቆጣጠር ከቀኑ 8 ሰዓት (በእነሱ አጻጻፍ 14:00) ሊሆን 4 ደቂቃ ገደማ ሲቀረው ነው፤ በ6 ሰዓት የሚሰበሰበው ሰው ምንም ሳያይ ይመለሳል። ሁለተኛ፣ ቀኑን መጠበቅ አያስፈልግም። በዚያ ወቅት ፀሐይ በአምስት ቀን ውስጥ ከፍታዋ የሚለወጠው ከዲግሪ አንድ አሥረኛ ባነሰ ስለሆነ፣ ጨረሩ ቀደም ብሎም ዘግይቶም እዚያው አካባቢ ነው የሚያርፈው። መስኮቶቹ ደግሞ ብዙ ጊዜ ተጠግነዋል፤ በሁለቱም የዓለም ጦርነቶች ወርደው ተደብቀው ተመልሰዋል። እኩለ ቀንን በቤተ ክርስቲያን ወለል ላይ ማመልከት የ17ኛውና የ18ኛው መቶ ዓመት ልማድ ነው፤ በቦሎኛ በ1655፣ በፓሪስ ሳን ሱልፒስ በ1740ዎቹ ተሠርቷል።

ላቢሪንቱን፣ ወለሉ ላይ የተነጠፈውን ጠመዝማዛ መንገድ፣ አላየሁም ማለት ይቻላል። 13 ሜትር ሊሞላ ጥቂት የቀረው ክብ ነው፤ ወንበር ተደርድሮበታል። ከዐቢይ ጾማቸው ጀምሮ እስከ መኸር ድረስ አርብ አርብ ብቻ ያነሱታል፤ ለመራመድ የሚፈልግ በሌላ ቀን አይሂድ።

ሰማያዊው መስታወት ግን ቃል የለኝም። ሻርፓንትዬ የአልኬሚ (ተራ ብረትን ወርቅ እናደርጋለን የሚሉ ሰዎች ጥበብ) ምስጢር ነው ይለዋል። የምዕራቡ ሦስት መስኮቶች በ1150 ገደማ የተሠሩና ከ1194ቱ ቃጠሎ የተረፉ ናቸው። ቀለሙ ኮባልት ነው፤ ያን ያህል ጠርቶ የቆየውም መስታወቱ በሶዳ ስለተሠራ ነው። በኋላ በዛፍ አመድ የተሠራው እርጥበት እየበላው ፊቱ ይቆሳስላል። በሰሜኑ ጎን ካለው የኖኅ መስኮት ሥር ደግሞ ከመሬት ብዙም ሳይርቅ አናጺዎች፣ በርሜል ሠሪዎችና መንኮራኩር ሠሪዎች በሥራቸው ላይ ተሥለዋል። በደቡቡ የደጉ ሳምራዊ መስኮት ጫማ ሰፊዎቹ አሉ። እነዚህ ሰዎች ፊታቸውን አልደበቁም።

ምድር ቤቱ በአስጎብኚ ብቻ የሚታይ ነው፤ ገለጻው በፈረንሳይኛ ስለነበር ቀድሞ ማንበብ ይጠቅማል። 33 ሜትር ገደማ ጥልቀት ያለው ጉድጓድ አለ፣ ድሩይዶች፣ የጥንቶቹ ኬልቶች ካህናት፣ ያመልኩበት ነበር የሚባለው። ጁልየስ ቄሳር ድሩይዶች በየዓመቱ በዚህ አካባቢ ይኖር በነበረው በካርኑት ሕዝብ ምድር እንደሚሰበሰቡ ጽፏል፤ የትኛው ኮረብታ እንደሆነ ግን አልተናገረም።