ቡናን ከማድሪድ ጋር በምን እንለካው?

ስታዲየም ዙሪያ ባሉ ካፌዎች ማክሰኞና ረቡዕ ማታ፣ ቡናማና ቢጫ ስካርፍ አንገቱ ላይ የጣለ የኢትዮጵያ ቡና ክለብ ደጋፊ ሪያል ማድሪድን እያየ «የእኛ ልጆችስ?» ማለቱ አይቀርም። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ መለኪያው ግን ይስተካከል።

እ.ኤ.አ. ከ2024/25 ጀምሮ የአውሮፓ ቻምፒየንስ ሊግ የገባ ክለብ ኳስ ሳይነካ 18.62 ሚሊዮን ዩሮ ያገኛል፤ በሊጉ ዙር አንድ ድል ደግሞ 2.1 ሚሊዮን ይጨምርለታል። የግብጹ አል አህሊ እ.ኤ.አ. በ2024 የአፍሪካ ቻምፒየንስ ሊግን ዋንጫ አንስቶ የተሸለመው 4 ሚሊዮን ዶላር ነው። የሁለት ጨዋታ ድል እንኳ አይሞላም!

የሚያንገበግበው ግን የሜዳው ነገር ነው። ከ2013 ዓ.ም. ወዲህ የኢትዮጵያ ፕሪሚየር ሊግ በተመረጡ ከተሞች እየተዘዋወረ መካሄድ ስለጀመረ ቡና ከደጋፊው ርቆ የሚጫወትበት ጊዜ በዛ። ያኔ የትኬት ገቢ ይሳሳል፣ የጨዋታ ቀን የማሊያ ሽያጭ ይቀራል፣ ያ ዝማሬም ከልጆቹ ጆሮ ይርቃል። ገቢ ሲሳሳ ደግሞ ቀድሞ የሚጎዳው የታዳጊ ቡድኑ ነው።

ማወዳደር ካስፈለገ ቅርቡ ቅዱስ ጊዮርጊስ አለ፦ እ.ኤ.አ. በ2017 የአፍሪካ ቻምፒየንስ ሊግ ምድብ ውስጥ በመግባት ከኢትዮጵያ የመጀመሪያው ሆኖ፣ ከደቡብ አፍሪካው ሰንዳውንስና ከቱኒዚያው ኤስፔራንስ ጋር ተፋልሟል። ቡና መጀመሪያ መድረስ ያለበት እዚያ ነው።