አገራችን በአሮጌ የአውሮፓ መጽሔቶች ሽፋን ላይ፦ እስካሁን የለቀምኩት

ሰላም ወዳጆች። የመጽሔት ስብስቡ ከምን ደረሰ ላላችሁኝ ይኸው። የምለቅመው ኢትዮጵያ በሽፋናቸው ላይ የተሳለችባቸውን ብቻ ነው። ሁሉንም ልሰብስብ ብል ቤቱም ኪሱም አይችለውም። ወሩንም ዓመቱንም በፈረንጅ ነው የምጽፈው።

ሮም ለሚኖር ሰው ቀላሉ ላ ዶሜኒካ ዴል ኮሪየሬ ነው። እሁድ ጠዋት ፖርታ ፖርቴዜ ገበያ ከአሮጌ ጫማና ከድስት መሀል ተቆልሎ ይገኛል። ከ1899 ጀምሮ ሚላን ይታተም የነበረ ሳምንታዊ ነው። ሽፋኑን ከአርባ ዓመት በላይ የሳለው አኪሌ ቤልትራሜ ከሚላን ብዙም ሳይወጣ የዓለምን ጦርነት ሁሉ ሲስል ኖረ። እጁ ግሩም ነው፤ አይካድም። የ1935 እና የ1936 ሽፋኖቹ ግን ደም ያፈላሉ። የጣሊያን ወታደር ሁሌ ከፊት፣ ሁሌ ጀግና። እኔ እጅ በገቡት ላይ የመርዝ ጋዝ የሚባል ነገር የለም። "ታዲያ ምን አስገዛህ?" ትሉኛላችሁ። ውሸቱ እንዴት አምሮ ለገበያ እንደቀረበ በዓይኔ ማየት ስለምፈልግ ነዋ!

የዚያን ዘመን እትም ስትገዙ ቀኑን ልብ በሉ። ከርዕሱ ሥር ሁለት ጊዜ "አኖ" (በጣሊያንኛ ዓመት ማለት ነው) የሚል አለ። አንዱ የመጽሔቱ ዕድሜ ነው፤ በ1936 38ኛ ዓመቱን ይዞ ነበር። ሌላው ፋሺስቶች ሥልጣን ከያዙበት ከ1922 የሚቆጠር ነው። እሱ የሚለወጠው በጥቅምት መጨረሻ ስለሆነ፣ 14 የሚል ካያችሁ 1935ም 1936ም ሊሆን ይችላል።

የስብስቤ ንጉሥ ግን ፈረንሳዊው ለ ፕቲ ዡርናል ነው። ነሐሴ 1898 ላይ፣ ጦርነቱ ካለፈ ከሁለት ዓመት በኋላ፣ አፄ ምኒልክን ዓድዋ ላይ አድርጎ በቀለም አወጣቸው። ይህ ሽፋን ተፈላጊ ስለሆነ ኮፒው እንደ ጉድ ነው። መጀመሪያ ገልብጡት። ኦርጅናሉ ስምንት ገጽ ያለው ጋዜጣ መሳይ ነገር ስለሆነ ከሽፋኑ ጀርባ ጽሑፍ አለ። ጀርባው ነጭ ከሆነ ነገሩ አለቀ፣ ፖስተር ነው። ቀጥሎ በማጉያ መነጽር እዩት። የዛሬ ማተሚያ የቀለም ነጠብጣቦቹን በሥርዓት ይደረድራል፤ የድሮው ዝብርቅርቅ ያለ ነው። ብዙ ሻጭ ሽፋኑን ቆርጦ ለብቻው ስለሚሸጥ ገጾቹንም ቁጠሩ። የኋላው ገጽም ባለ ቀለም ሥዕል ነው፤ ያለ እሱ መግዛት አያዋጣም።

ወረቀቱ ከእንጨት የተሠራ ርካሽ ወረቀት ነው። ውስጡ ያለው አሲድ እየበላው ቢጫ ያደርገዋል፣ ጠርዙም እንደ ድርቆሽ ይፈረፈራል። ፕላስተር እንዳትለጥፉበት! ግልጽ የፖሊስተር ከረጢት ውስጥ አስገብቶ፣ ሳያጥፉ አስተኝቶ ከብርሃን ማራቅ ነው።

አሁን የማድነው በራሱ በ1896፣ የዓድዋ ወሬ ገና ትኩስ ሳለ ጣሊያን ውስጥ የወጡትን ነው። ዶሜኒካ ያኔ ገና አልተወለደችም። የሚሸጥ ያየ ካለ ወዲያው ይጠቁመኝ፤ ሙሉ እትም ከሆነ ብቻ ታዲያ።